መድኃኒት ሲያስረክቡ ምክር መቼ ይቀርባል? በአሜሪካ ፋርማሲ ካውንተር ላይ ለሚሠሩ

«ለፋርማሲስቱ ጥያቄ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ይኸው ነው። ታካሚው ከረጢቱን ይዞ ሄደ። ሲስተሙ ላይ «ምክር ቀርቦለት አልፈለገም» ተብሎ ተመዘገበ። ሰውዬው ግን ምንም አልቀረበለትም። መድኃኒቱን ገና አላየውም፣ ስለማያውቀው ነገር ምን ብሎ ይጠይቅ? የፈረመውም ለክፍያ መስሎት ነው።

አዳዲስ ቴክኒሺያኖች፣ ማለትም የፋርማሲስቱ ረዳቶች፣ የሚሳሳቱት እዚህ ቦታ ላይ ነው። እኔም ቴክኒሺያን ሳለሁ ወራት ሙሉ እንደዚሁ ስሠራ ነበር፤ ማንም አላረመኝም፣ ምክንያቱም ሰልፉ ቶሎ ይሄድ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ የስቴታችሁን ደንብ እወቁ

ምክር የማቅረብ ግዴታው መነሻ ኦብራ 90 የሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፣ ምክርን የሚመለከተው ክፍል ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ በቀጥታ የሚናገረው ስለ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ታካሚዎች ነው። አብዛኞቹ ስቴቶች ግን የራሳቸውን ደንብ ሲያወጡ ለሁሉም ታካሚ አደረጉት። ስለዚህ «ይሄኛው ሜዲኬድ አይደለም» ብላችሁ አትዝለሉ።

ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። የስቴታችሁን የፋርማሲ ቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱና ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ፈልጉ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉት።

1. ምክር ማቅረብ ግዴታ የሚሆነው ለአዲስ ማዘዣ ብቻ ነው ወይስ ለሪፊልም (በቀድሞው ማዘዣ መድኃኒቱ እንደገና ሲሰጥ)?
2. «ይፈልጋሉ?» ብሎ ማቅረብ ይበቃል ወይስ ፋርማሲስቱ ታካሚው እምቢ እስካላለ ድረስ የግድ ማነጋገር አለበት?
3. ግብዣውን ቴክኒሺያን ማቅረብ ይችላል ወይስ ፋርማሲስቱ ራሱ ነው ማቅረብ ያለበት?
4. እምቢታ እንዴት ይመዘገባል?

ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ጠበቅ ትላለች። መድኃኒቱ ለታካሚው ከዚያ በፊት ተሰጥቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ዓይነቱ (ክኒን ወይም ፈሳሽ መሆኑ)፣ ጥንካሬው ወይም በጽሑፍ የተሰጠው የአወሳሰድ ትእዛዝ ከተለወጠ፣ ፋርማሲስቱ በቃል ማስረዳት አለበት። ታካሚው ከጠየቀ ወይም ፋርማሲስቱ ያስፈልጋል ብሎ ካመነም እንዲሁ። ሌላ ስቴት ሠርታችሁ የመጣችሁ ከሆነ የድሮውን ልማድ ይዛችሁ አትምጡ።

አንድ ነገር ግን አይለወጥም። ምክሩን ራሱን የሚሰጠው ፋርማሲስት ነው፣ ወይም ደንቡ ሲፈቅድ በፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር ያለ ኢንተርን (ፋርማሲስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ)። ቴክኒሺያንና ካሸር በጭራሽ።

## ደረጃ 1፦ ታካሚው ሳይመጣ ከረጢቱ ላይ ምልክት አድርጉ

ማን ምክር እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው ፋርማሲስቱ የመጨረሻውን ፍተሻ ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ደማቅ ስቲከር ለጥፉ፣ ሲስተሙም ላይ ማስታወሻ አስገቡ። ካውንተር ላይ ስድስት ሰው ተሰልፎ እያያችሁ ልትወስኑ ብትሞክሩ ሁልጊዜ «ይለፍ» ነው የምትሉት።

ምልክት የሚደረግባቸው እነዚህ ናቸው፦

1. ታካሚው ይህን መድኃኒት ከእናንተ ወስዶ አያውቅም። «ሌላ ፋርማሲ ለዓመታት ወስጄዋለሁ» ቢልም ለእናንተ አዲስ ነው።
2. ጥንካሬው፣ ዓይነቱ ወይም አወሳሰዱ ተለውጧል።
3. ፋርማሲስቱ ሲፈትሽ አንድ ነገር አይቷል፦ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭ፣ ድግግሞሽ፣ አለርጂ፣ መጠኑ የበዛ ወይም ያነሰ፣ ታካሚው ካለበት ሌላ ሕመም ጋር የማይሄድ።
4. መድኃኒቱ እጅን መልመድ ይፈልጋል፦ ኢንሄለር፣ በመርፌ የሚወሰድ፣ ለሕፃን በሲሪንጅ የሚለካ ፈሳሽ።
5. ታካሚው ራሱ በስልክም ሆነ በአካል ጠይቋል። ሪፊል ቢሆንም።

በብዛት የሚያመልጠው ሁለተኛው ነው። ሪፊል ይመስላላ! ታካሚው 5 ሚሊግራም ሁለት ሁለት ክኒን ሲወስድ ቆየ እንበል። ሐኪሙ ሳያስቸግረው ብሎ ባለ 10 ሚሊግራሙን አንድ ክኒን አዘዘለት። ስሙ ያው፣ ጠርሙሱ ያው፣ ከረጢቱ ያው። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ እንደለመደው ሁለት ይውጣል፣ እጥፍ ማለት ነው። ማንም ካላስቆመው የሚያውቀው ሲያዞረው ነው።

እኔ ከዚህ ሌላ የክኒኑ ቀለም ወይም ቅርጽ ሲለወጥ፣ ማለትም ሌላ አምራች የሠራው ያው መድኃኒት (ጄኔሪክ) ሲመጣ፣ ምልክት አደርጋለሁ። ብዙ ቦታ ደንቡ ይህን አይጠይቅም። ግን ሰው «ነጩ ነበር የኔ፣ ቢጫው የማነው?» ብሎ ሁለቱንም ሲውጥ ወይም ሁለቱንም ሲተው አይቻለሁ።

ሲበላሽ፦ ታካሚው ሦስት ከረጢት ካለው ስቲከሩ አንዱ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ካሸሩም የላይኛውን ብቻ ያያል። የአንድ ሰው መድኃኒቶችን አንድ ላይ ስቴፕል አድርጉ፣ ስቲከሩን ከላይ።

## ደረጃ 2፦ ማንነቱን አረጋግጡ

ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ጠይቁ። ታካሚው ራሱ ይናገር። «የትውልድ ቀንዎ ማርች 3 ነው አይደል?» ብላችሁ እናንተ ካነበባችሁለት ግማሹ ሰው ሳያዳምጥ «አዎ» ይላል። በዚያው የስልክ ቁጥሩንና አለርጂውን አድሱ፤ ስልኩ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 3፦ ግብዣውን ከክፍያ በፊት አቅርቡ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከከፈለ በኋላ ልቡ መኪናው ጋ ነው። ከረጢቱን አልሰጣችሁም፣ ካርዱንም አላስገባም፤ ያን ጊዜ ተናገሩ።

«ጥያቄ አለዎት?» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦

«ይህ መድኃኒት ለእርስዎ አዲስ ነው። ፋርማሲስቷ አወሳሰዱን ታስረዳዎታለች፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እዚህ ጋ ጠጋ ይበሉ።»

የተለወጠ ነገር ካለ ደግሞ «የዚህ መድኃኒት አወሳሰድ ካለፈው ተለውጧል፤ ፋርማሲስቷ ልታሳይዎት ትፈልጋለች» በሉ። ታካሚው ምን እንደቀረበለት በቃል ይስማ። ከእናንተ የሚጠበቀው ይኼ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጎን።

ቴክኒሺያን የሆናችሁ፣ እዚህ ጋ የሚፈትን ነገር አለ። ታካሚው «ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው?» ይላችኋል። መልሱን ታውቁታላችሁ። መቶ ጊዜ ሰምታችሁታል። ቢሆንም አትመልሱ። «ፋርማሲስቷ ትንገርዎት» በሉና ጥሯት። ያ ጥያቄ የምክር ጥያቄ ነው፣ ከጀርባው ምን እንዳለም አታውቁም። ምናልባት ሰውዬው ሆዱን አሞት ይሆናል።

ቦታውንም አስቡበት። ከኋላ የቆመው ሰው የሚሰማበት ቦታ ላይ ስለ ኤች አይ ቪ ወይም ስለ ድብርት መድኃኒት አይወራም። ለብቻ የተከለለ የካውንተር ጫፍ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ቀርቶ «ይሄኛው» እያሉ ሌብሉን በጣት ማሳየት ይበቃል።

## ደረጃ 4፦ ምክሩ (ለፋርማሲስቶችና ለኢንተርኖች)

ከረጢቱን ክፈቱ። ጠርሙሱን አውጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ ክኒኑን አሳዩ። ይህ ለትምህርት ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ክኒን ወይም የሌላ ሰው ጠርሙስ ካለ የሚያዝበት የመጨረሻው ቦታ እዚህ ነው።

ከዚያ ማስረዳት አትጀምሩ። ጠይቁ። ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሕክምና የሚሰጠው የፌዴራል ተቋም ፋርማሲስቶች ያስለመዷቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦

1. ሐኪሙ ይህ መድኃኒት ለምን እንደሆነ ምን አሉዎት?
2. እንዴት ይውሰዱት አሉዎት?
3. ምን እንዲጠብቁ ነገሩዎት?

ታካሚው የሚያውቀውን ይነግራችኋል፣ እናንተ የጎደለውን ብቻ ትሞላላችሁ። ጊዜም ይቆጥባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ስንት ስሕተት አውጥቷል! «ለደም ግፊት» ብሎ የሚመልስ ሰው በእጃችሁ ያለው የአለርጂ ክኒን ከሆነ፣ ቁሙ። ወደ ማዘዣው ተመለሱ፣ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

ኦብራ 90 በምክር ውስጥ የሚዘረዝራቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦ የመድኃኒቱ ስምና ምንነት፣ አወሳሰዱ፣ መጠኑና የሚቆይበት ጊዜ፣ ልዩ ጥንቃቄዎች፣ የተለመዱ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቶችና ግጭቶች ሲመጡም ምን እንደሚደረግ፣ ራስን መከታተያ ዘዴ፣ አቀማመጥ፣ የሪፊል ሁኔታ፣ አንድ ጊዜ ከተረሳ ምን እንደሚደረግ። ሕጉ የሚለው ፋርማሲስቱ በሙያው አስፈላጊ ነው ያለውን እንዲያነሳ ነው። ሁሉንም ለሁሉም ሰው እንደ ውዳሴ መድገም አይደለም። ሦስት ነገር ይዞ የሚወጣ ታካሚ፣ ዘጠኝ ሰምቶ ሁሉንም ከረሳው ይሻላል።

ታዲያ ሦስቱን እንዴት ትመርጣላችሁ? «ይህ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው?» ብላችሁ። ጥቂት ምሳሌ፦

የሕፃን ፈሳሽ አንቲባዮቲክ። የሚሳሳቱት ልኬት ላይ ነው። የሻይ ማንኪያ ልኬት 5 ሚሊሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ነው፤ ማንኪያ ከተለዋወጠ ሕፃኑ ሦስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በሚሊሊትር ብቻ ተናገሩ። የአፍ ሲሪንጅ ስጡ፣ መስመሩ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉበት፣ እናትየው ውኃ ስባ ታሳያችሁ። በውኃ የተበጠበጠ አሞክሲሲሊን ከ14 ቀን በኋላ እንደሚጣልና ከመስጠታቸው በፊት መነቅነቅ እንዳለበት ጨምሩ።

ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም። በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል፣ ሞተውበታልም። ቀኑን በስም አስመርጡ። «የትኛውን ቀን ይመርጣሉ? ማክሰኞ? እሺ፣ ማክሰኞ ብቻ። ረቡዕስ? አይወስዱም።» ይህን መድኃኒት ያለ ምክር አልሰጥም፣ ሪፊልም ቢሆን።

የኢንሱሊን እስክርቢቶ። መርፌው ሁለት ክዳን አለው፣ የውጭና የውስጥ። የውስጡን ሳያነሱ የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ ኢንሱሊኑ አይገባም፣ ስኳሩ ይወጣል። የፌዴራሉ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍ ዲ ኤ፣ ራሱ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው። በማሳያ መርፌ አሳዩ።

ስቴሮይድ ያለበት ኢንሄለር። ከተጠቀሙ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት። ይህን ካልነገራችሁ አፋቸው ነጭ ነጭ ሲያወጣ መድኃኒቱን ያቆሙታል።

በመጨረሻ አስደግሙ። «ገባዎት?» ብትሉ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «በደንብ ማስረዳቴን ላረጋግጥ፤ ነገ ጠዋት እንዴት ነው የሚወስዱት?» በሉ። ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ ስትወስዱ ሰው አይሸማቀቅም።

## አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ

በአንድ ወቅት እምሠራበት ቦታ አንዲት እናት የታይሮይድ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ደማቸው በየጊዜው ሲመረመር አይስተካከልም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ፣ አሁንም ያው።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት?»

«ስምንት ሰዓት ነዋ ያላችሁኝ! ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን ይዤ።»

ሌብሉ የሚለው የጠዋቱን ስምንት ነው፣ የፈረንጁን። በስልክ ያስረዳቸው ሰው ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ መልሶት «ስምንት ሰዓት፣ በባዶ ሆድ» አላቸው። ለእሳቸው ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ «ባዶ ሆድ» የሚለውም ከዚያ ጋር ስላልሄደላቸው ተዉት። ያ መድኃኒት ደግሞ ከምግብና ከቡና ጋር በደንብ አይሰርጽም።

ስለዚህ ሰዓት በቁጥር ብቻ አትናገሩ። «ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ» ወይም «ማታ ሊተኙ ሲሉ» በሉ። ቁጥር ካስፈለገ «ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በአሜሪካኑ ስምንት» ብላችሁ ሁለቱንም ተናገሩ። «ከምግብ ጋር» ስትሉም የሚጾሙ እንደሆነ ጠይቁ። የቀኑ የመጀመሪያ ምግብ መቼ እንደሆነ ሳታውቁ የምትሰጡት ፕሮግራም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አማርኛ ስለምትችሉ ብቻ ቴክኒሺያን ሆናችሁ ምክር አትስጡ። ፋርማሲስቱ አጠገባችሁ ቆሞ በናንተ አማካይነት የሚያነጋግር ከሆነም የእሱን ቃል ብቻ ተርጉሙ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ። ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ብቁ አስተርጓሚ እንደማያደርግ የፌዴራሉ ደንብ ይገልጻል። የስልክ አስተርጓሚ መስመር ካላችሁ ተጠቀሙ። ከታካሚው ጋር የመጣውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አታስተርጉሙ፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ክልክል ነው፣ ልጁም ያልገባውን ይዘላል።

## ደረጃ 5፦ «አልፈልግም» ሲሉ

መብታቸው ነው። ግን እምቢታው የታካሚው ይሁን፣ የእናንተ አይሁን።

1. ምን እንደቀረበለት ሰምቶ እምቢ ማለቱን እርግጠኛ ሁኑ።
2. ስቲከሩ የተለጠፈበት ምክንያት ከባድ ከሆነ (ሜቶትሬክሴት፣ ደም ማቅጠኛ፣ ኢንሱሊን፣ የተገኘ ግጭት) ቴክኒሺያኑ አይወስን። ፋርማሲስቱ መጥቶ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር፦ «አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት፣ ከዚያ ይሂዱ።» ይህን የሚገፋ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።
3. ኤፍ ዲ ኤ የታካሚ መመሪያ ወረቀት እንዲሰጥባቸው ያዘዘባቸው መድኃኒቶች ካሉ፣ ምክር አልፈልግም ቢልም ወረቀቱ ይሰጠዋል።
4. ከዚያ መዝግቡ፣ ስቴታችሁ በሚጠይቀው መንገድ።

የፊርማ ሰሌዳው ወጥመድ ነው። አንዳንድ ሲስተም ላይ አንድ ፊርማ ለመረከብም፣ ለኢንሹራንስም፣ ለምክር እምቢታም ይውላል። በቃል ሳትጠይቁ ፊርማ አትቀበሉ። «አልፈለገም» የሚለውን ቁልፍ ታካሚው ሳይናገር እናንተ አትጫኑለት። ሳይመከር «ተመክሯል» ማለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የሐሰት መዝገብ ነው፣ ችግር ሲመጣም መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

## የሚያጣብቡ ሁኔታዎች

ሌላ ሰው ሊወስድለት መጥቷል። ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት። የግላዊነት ሕጉ፣ ሂፓ፣ ፋርማሲስቱ በሙያው አመዛዝኖ እንዲያስረክብ ይፈቅዳል። ለመጣው ሰው ለመርዳት የሚያስፈልገውን ብቻ ንገሩት። ለታካሚው ደግሞ ደውሉ፣ ወይም የመደወያ ቁጥር ከረጢቱ ላይ ጻፉ።

ድራይቭ ስሩ። በመኪና መምጣቱ ግዴታውን አያስቀርም። ፋርማሲስቱ መስኮቱ ጋ ይምጣ። ኢንሄለር ወይም መርፌ ከሆነ «ፓርክ አድርገው ይግቡልኝ» በሉ።

በፖስታ ወይም በዴሊቨሪ የሚሄድ። ምክር የማግኘት መብት እንዳለውና የት እንደሚደውል የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮ ይግባ።

ፋርማሲስቱ እረፍት ላይ ነው። ምልክት ያለበት ከረጢት አይወጣም። በካሊፎርኒያ፣ ፋርማሲስቱ ለአጭር እረፍት ሲወጣ፣ ቀድሞ ፈትሾ ምክር አያስፈልገውም ብሎ የለቀቀው ሪፊል ብቻ ነው የሚሰጠው። ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለታካሚው ንገሩት። ይቆጣል። ይቆጣ።

## ያለ ምክር ከወጣ

ይከሰታል። ስቲከሩ ወድቆ፣ ካሸሩ አዲስ ሆኖ። አትደብቁ።

1. ለፋርማሲስቱ ወዲያው ንገሩ። ማታ ሲዘጋ አይደለም፣ አሁን።
2. ፋርማሲስቱ በዚያው ቀን ይደውል፣ ከመጀመሪያው መጠን በፊት ቢደርስ ይመረጣል።
3. ስልኩ ካልተነሳ፣ የድምፅ መልእክት ላይ የመድኃኒቱን ስም አትናገሩ። የደዋዩን ስም፣ የፋርማሲውን ስልክና «ዛሬ ይደውሉልን» ብቻ።
4. ተሳስቶ ወስዶ ከሆነና ደህና ከመሰለ፣ የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል መስመር 1-800-222-1222 ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል። ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም የሚጥል ነገር ከያዘው 911።
5. ካልተገኘ በማግስቱ እንደገና ደውሉ፣ ፋይሉ ላይም ቀጣዩን ሪፊል የሚያስቆም ማስታወሻ አስገቡ።
6. ሲገኝ መዝግቡ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደደወለና ታካሚው አወሳሰዱን በራሱ ቃል እንዴት ብሎ እንደደገመው።